አፈ ቅቤና አረንጓዴው ጣቃ

የወንድሜን ሚስት ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት አፈ ቅቤ በሚል ስም ነው። የተረቱን ሁለተኛ ግማሽ፣ ልበ ጩቤ የሚለውን፣ ሆን ብለን ትተነዋል፤ ልቧ እንደ አፏ ነውና። ስሙን ያወጣላት ከሱቃችን አጠገብ ያለው ልብስ ሰፊ ነው። አንድ ቀን ቁልፍ ሊገዛ ብቅ ብሎ፣ የሙሉ ልብስ ሱፍ ታቅፎ ወጣ። ቁልፉን እንደረሳ ትዝ ያለው ማሽኑ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ተመልሶ መጥቶ በራችን ላይ ቆመና፣ አፏ ቅቤ መሆኑን፣ እሱ ግን ያለ ቁልፍ መቅረቱን ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ አወጀ።

ያለን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነው። የከፈተችው እናቴ ናት። እኔ ጨርቅ አውቃለሁ፤ በሁለት ጣቴ ዳስሼ የቱ ጥጥ፣ የቱ ጥጥ መሳይ እንደሆነ እናገራለሁ። ሰው ግን አልችልበትም። ደንበኛ "ይሄ ቀለሙ አይለቅም?" ሲለኝ "ለምን ይለቃል?" ብዬ እቆጣለሁ፤ ሰውየውም ይሄዳል። አፈ ቅቤ ናት ተከትላው ወጥታ፣ ስለ ልጆቹ ጠይቃ፣ አስቃ፣ ክንዱን ይዛ የምትመልሰው። በዚህ ዓይነት ስንት ዓመት ኖርን። እኔ እለካለሁ፣ እሷ ትሸጣለች።

በሱቃችን መስታወት ውስጥ፣ ከሁሉም ፊት፣ አንድ አረንጓዴ የከፋይ ጣቃ ቆሞ ነበር። ከፋይ ያ ሲዳስሱት እንደ ድመት ጀርባ የሚለሰልሰው፣ ለትልቅ ቤት መጋረጃና ለሶፋ የሚሆነው ጨርቅ ነው። እናቴ ናት ያቆመችው፤ ሱቅም እንደ ሰው ፊት ያስፈልገዋል ትል ነበር። ከዚያ ጣቃ ላይ አንድም ሜትር ተቆርጦ አያውቅም። እናቴ ካረፈች በኋላ ማንም አልነካውም፤ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ የምጠርገው እኔ ነበርኩ። አፈ ቅቤም ብትሆን፣ ሰው ወደ እኛ የሚገባው እሱን አይቶ ነው ብላ ታምን ነበር። ሁለታችን የማንስማማበት ነገር ብዙ ነው፤ በዚህ ግን አንድ ቃል ነበርን።

ለነገሩ ሁሉ መነሻው የተማሪዎች ሥራ ነው። ከእኛ ሱቅ በታች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። አንድ ቀን ጥቂት ልጆች መጥተው፣ ለንግድ ሥራ ትምህርት ነጋዴ ጠይቃችሁ ኑ ተብለን ነው አሉ። እኔ ሥራ አለብን ብዬ ልመልሳቸው ስል፣ አፈ ቅቤ ጣቃ ላይ ጣቃ ደርባ አስቀመጠቻቸው። ዝናብ ሳይመጣ ዣንጥላ ለምን እንደሚረክስ፣ ሁለት ዳቦ ቤቶች ጎን ለጎን ተከፍተው ለምን ሁለቱም እንደሚያተርፉ፣ እየሳቀች ነገረቻቸው። በማግስቱ ተመለሱ፤ ከተመለሱትም ግማሾቹ አዲስ ፊት ነበሩ። ለምን አስተማሪያችሁን አትጠይቁም ብትላቸው፣ የንግድ ሥራ አስተማሪያቸው ከለቀቀ ቆይቷል፣ ክፍለ ጊዜውን የያዘው የስፖርቱ አስተማሪ ነው አሏት። መጽሐፉን አንዱን ተማሪ ያስነብበዋል፣ ከዚያ ወደ ሜዳ።

ይሄ ነገር አንጀቷን አሳረረው። ያን ሳምንት ጨርቅ ባጠፈች ቁጥር ስለ እሱ ነው የምታወራው፤ ኳስ አስተማሪ ስለ ገበያ! በመጨረሻ እኔን ሰለቸኝና፣ ይህን ያህል ከቆረቆረሽ ለምን አንቺ አታስተምሪያቸውም አልኳት። ቀልዴን ነበር። ጨርቁን ማጠፏን ተወችና፣ ይፈቅዱልኛል እንዴ አለች። እኔም ምላሴ አያርፍ፣ "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ብዬ ተረትኩባት። እሷ ግን ተረቱን እንደ ምክር ወሰደችው።

"ልክ ነሽ እትዬ፣ እማራለሁ" አለችኝ።

የአርባ ዓመት ሴት፣ ልጆቿ ቁመቷን ያለፉ፣ ዲግሪ ልትማር! ወንድሜ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ንግግሩ እንደ ፌርማታ አልፎ አልፎ ነው የሚገኘው። ነገሩን ስትነግረው መንገዱ ረጅም እንደሆነ ጠየቃት። ረጅም ነው አለችው። እንግዲያው ከፊት ወንበር ተቀመጪ አላት፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ጉዳዩ አላወራም።

የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ሆነች። ቅዳሜ የእኛ ትልቁ ገበያ ነው፤ እኔ ብቻዬን ከደንበኛ ጋር እየተናቆርኩ እሷ ዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታቲስቲክስ ትማራለች። መጀመሪያ ሰሞን ስታቲስቲክስ አስለቅሷታል፣ አልደብቅም። የማርኬቲንግ መጽሐፉ ግን ያስቃት ነበር። "ደንበኛን ማርካት" የሚል ምዕራፍ አለው፤ እሷ እያነበበች፣ ይሄ ሰውዬ ልብስ ሰፊውን ቢያገኘው ምን ይል ነበር ትለኛለች። አብረዋት የሚማሩት ልጆች እናታችን ይሏታል፤ የቡድን ሥራ ሲሰጥ ሁሉም ከእሷ ጋር መሆን ይፈልጋል፤ ሰው ፊት ቆሞ ማቅረብ ሲመጣ እሷን ይገፏታል። አስተማሪዎቹም ወደዷት። ዓመት ዓመትን እየወለደ ሄደ፣ እሷም ክፍል ከክፍል አለፈች። እኔ በፊት በፊት እንድትተወው በሆዴ እመኝ ነበር። በኋላ ግን ለደንበኛው ሁሉ እኔው ራሴ አወራ ጀመር፤ ምራታችን ዩኒቨርሲቲ ናት እያልኩ።

የመጨረሻው ነገር የማስተማር ልምምድ ነው። እጩው መምህር እውነተኛ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ እውነተኛ ተማሪ ፊት ቆሞ ያስተምራል፤ ከዩኒቨርሲቲው የሚላክ ገምጋሚ ከኋላ ተቀምጦ ያየዋል። ሁለት ጊዜ ነው የሚያየው። የመጀመሪያው ቢበላሽ ሁለተኛው ያድናል፤ ሁለቱም ከተበላሹ ዲግሪው የለም፣ ልምምዱን በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ መድገም ነው። አፈ ቅቤ የተመደበችው እዚያው ከሱቃችን በታች ባለው ትምህርት ቤት ነው። ርዕሰ መምህሯ ደግሞ፣ ዘንድሮ ከተመረቅሽ ክፍት ቦታው የአንቺ ነው፣ ካልሆነ ግን ሌላ ሰው መቅጠሬ አይቀርም ብላታለች። ለዚህ ሁሉ ሐሳብ አልገባንም። ሌላው ቢከብዳት እንኳ መናገር ለእሷ ምን ነው? እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ አልናት።

ግምገማው ሲያልቅ በቀጥታ ወደ ሱቅ መጣች። ፊቷን ሳየው መቀሴን አስቀመጥኩ።

ትምህርቱ አምሮ ነበር። ስለ ዋጋ አወጣጥ ነው፤ ተማሪው ስቋል፣ አጨብጭቧል፣ ደወል ሲደወል ማንም መነሳት አልፈለገም። እሷ ያሸነፈች መስሏት ወደ ገምጋሚው ሄደች። ገምጋሚው ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው፤ ቃሉን እየመረጠ ነው የሚናገረው። ጎበዝ ተናጋሪ እንደሆነች፣ እሱ ራሱ ሲያዳምጥ ጊዜው እንዳለፈበት ነገራት። ከዚያ ቀጥሎ የተናገረውን ቃል በቃል ነገረችኝ።

"እርስዎ ሸጡላቸው፤ እነሱም ገዙ። ግን አንድ ጥያቄ እንኳ ራሳቸው ሲመልሱ አልሰማሁም። ልጁ አፉን ሊከፍት ሲል እርስዎ ቀድመው መልሱን ይሰጡታል። ይህን ላሳልፈው አልችልም።"

እኔ ነጠላዬን ደረብኩ፤ ሄጄ ልነግረው ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ያናገረችን ሴት ስለ ንግግር የሚመክራት እሱ ማን ነው? አፈ ቅቤ ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ። እሷም መጀመሪያ እንደዚያው ተናዳ ነበር፤ ግቢውን ሳትወጣ ግን ከተማሪዎቹ ሁለቱን አግኝታ፣ አንድ ነጋዴ ዋጋ ለምን ይቀንሳል ብላ ጠየቀቻቸው። እርስዎ እንዳሉት ነው ቲቸር አሏት። ምን ነበር ያልኩት ብትል ተያዩና ሳቁ። አንዲት ነገር አልያዙም።

"ሰውየው ልክ ነው እትዬ። ደንበኛ ሲያመነታ ካየሁ አፌ አይታዘዘኝም" አለች።

የሻጭ በሽታ ነው። በእኛ ሥራ ዝምታ ማለት የሚያመልጥ ደንበኛ ማለት ነው። ሰው ጨርቅ ይዞ ዝም ካለ ወይ ውድ ነው እያለ ነው ወይ ሚስቱን እየፈራ ነው፤ ስለዚህ በዚያች ዝምታ ውስጥ ቶሎ አንድ ነገር ጣል ታደርጊበታለሽ፣ ቀለሙ አበራልህ፣ ለዓመት በዓል ይሆንሃል፣ ምን ምን። እኔ ይህን አልችልም፣ እሷ ተወልዳበታለች። ክፍል ውስጥ ግን የሚያመነታ ልጅ እያሰበ ያለ ልጅ ነው፤ እሷ ደግሞ ያን ማየት አትችልም፤ ያሳዝናታል፣ ትረዳዋለች፣ መልሱን በእጁ ታስይዘዋለች።

ሁለተኛው ግምገማ ሳይደርስ ዝምታ መለማመድ ጀመረች። እንደዚያ ያለ ሰሞን አይቼ አላውቅም። ደንበኛ ይገባል፣ ጨርቅ ታወርድለታለች፣ ከንፈሯን ነክሳ ትቆማለች። ደንበኛው ግራ ይገባዋል። አንዷ ሴትዮ ተጣልተናል እንዴ ብላ ጠየቀቻት። ልብስ ሰፊው ደግሞ ጥርሷን ያመማት መስሎት የጥርስ ሐኪም ስም ጽፎ አመጣላት። ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ ደንበኛው ሲወጣ የታፈነው ወሬ ሁሉ እኔ ላይ ነው የሚወርደው።

ወንድሜ ነው የረዳት። አዲስ የሚቀጠሩ ነጂዎችን መንገድ የሚያለማምዳቸው እሱ ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሱቅ መጥቶ፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ የእሷን ስሞታ ሲሰማ ቆየና፣ እኔ እጄ ላይ እቀመጣለሁ አለ። ሁለታችንም ዞርን። ተለማማጁ መታጠፊያ ላይ ሲዘገይ መሪውን ለመንጠቅ እጁ ይበላዋል፤ ስለዚህ ሁለት እጁን ከጭኑ በታች አድርጎ ይቀመጥባቸዋል።

"መሪውን ብነጥቀው አውቶቡሱ በሰላም ይገባል፤ ነጂ ግን አይወጣልኝም" አላት። ለእሱ ይሄ ረጅም ንግግር ነው። ጨርሶ ወደ ሥራው ሄደ።

አፈ ቅቤ ከዚያ ወዲህ ተረጋጋች። የትምህርት እቅዷን አፍርሳ እንደገና ሠራች፤ ርዕሱ እቃን ስለ ማሳየትና ደንበኛን ስለ መሳብ ነው። ሰሌዳ ላይ የምትጽፈውን ቀነሰች፣ ቀልዶቿን አወጣች፤ ሁሉንም ጥላ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛ ቀረች። አንድ ቀን ከሰዓት ቀና ብላ መስታወቱን ስታይ ቆየችና፣ አረንጓዴውን ጣቃ አውሺኝ አለችኝ።

ማስተማሪያ መርጃ ልታደርገው ነው። ሱቁ ፊት ሆኖ የሚኖር፣ የማይሸጥ ውድ ጨርቅ፤ ይውረድ ወይስ ይቆይ? ጥያቄው ይሄ ነው። መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ይቆይ ነው። ልጆቹ ጥቂት ያመነታሉ፣ በኋላ ፊት የሌለው ሱቅ ሱቅ አለመሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል፤ እሷ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ጥሩ ነው አልኩ። ግን ያለ እኔ ጣቃው ከበር አይወጣም፤ የእናቴን እቃ በተማሪ እጅ አልጥልም። ስለዚህ ተያይዘን ሄድን፤ እሷ በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው፣ በአንሶላ ጠቅልለን፣ ሕመምተኛ እንደሚሸከም ሰው በመንገዱ መሐል።

ክፍሉ ሰፊ ነው፤ ግድግዳው እስከ ወገቡ ሰማያዊ ተቀብቷል፤ ዴስኮቹ ላይ የፍቅረኛ ስም በምላጭ ተቀርጿል። እኔን ከኋላ፣ ከገምጋሚው አጠገብ፣ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በተሠራ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ጉልበቴ አገጬ ጋ ደረሰ። ገምጋሚውን በክፉ ዓይን ላየው አስቤ ነበር፤ ሰውየው ግን ተነስቶ የተሻለውን ወንበር ሰጠኝ። እንደዚያ ያለ ሰው ላይ ቂም መያዝ ያስቸግራል።

አፈ ቅቤ ጣቃውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ጫፉን ወደ ታች ለቀቀችው። አረንጓዴው በብርሃኑ ላይ ሲወርድ ልጆቹ አንገታቸውን አሰገጉ፤ እኔም ኮራሁ። በአጭሩ ነገረቻቸው፦ አንድ ሱቅ አለ፣ ይሄ ጨርቅ መስታወቱ ፊት ቆሟል፣ ብዙ ዘመኑ ነው፣ የገዛው የለም። የመጀመሪያዋ ባለቤት ሱቅ ፊት ያስፈልገዋል ብላ ነው ያቆመችው። "እናንተ ብትሆኑ ታወርዱታላችሁ ወይስ ትተዉታላችሁ? ለምን?" አለችና አፏን ዘጋች።

ማንም አልመለሰም።

ያ ዝምታ እንዴት እንደረዘመ ልነግራችሁ አልችልም። አንዱ ሳለ። አንዱ እርሳሱን ጥሎ አነሳ። አፈ ቅቤ ሁለት እጇን ከጀርባዋ አድርጋ ከሱቅ ያመጣችውን ሜትር ጨብጣ ቆማለች። አፏ ሁለት ጊዜ ሊከፈት ሲል አየሁት፤ ሁለት ጊዜም መልሳ ገጠመችው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ የምትጀምር እኔ ልሆን ነበር።

በመጨረሻ ከፊት የተቀመጠ ልጅ፣ ለትራስ ቢቆረጥ ጥሩ እንቅልፍ ያስተኛል አለ። ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፣ አልቆጣችም፤ ትራስ የሚገዛው ማን ነው ብላ ጠየቀችው። ልጁ የእውነት መልስ መፈለግ ጀመረ። ከጎኑ ያለው፣ በትንሹ ከቆረጡት ሁሉም ሊገዛው ይችላል አለ። ሌላዋ፣ ከተቆረጠማ ክብሩ አለቀ፣ መቆም አለበት አለች። እሰይ ልጄ አልኩ በሆዴ። አሁን ሁሉም ያወራ ጀመር፣ እርስ በርስም ይመላለሱ ጀመር፤ አፈ ቅቤ መሐላቸው እየተመላለሰች "አንተስ?" "እሺ፣ ከዚያስ?" ከማለት በቀር ቃል አልጨመረችም።

ከዚያ ከመጨረሻው መስመር፣ እኔ ከተቀመጥኩበት ፊት ለፊት፣ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ሹራቧ እጅጌው ላይ ተጠግኗል፤ ጥገናው ንጹሕ ነው፣ እናት የሰፋችው እንደሆነ ያስታውቃል።

"እኔ ይሄን ጨርቅ አውቀዋለሁ" አለች። "በዚያ ሱቅ በር ነው ከእናቴ ጋር ሁልጊዜ የምናልፈው። እናቴ ልብስ ትሰፋልናለች፤ ግን አንድም ቀን ገብታ አታውቅም። እሱን ታይና፣ ይሄ የሀብታም ቤት ነው፣ ብላ ታልፋለች። ጨርቁ ሰው አይጠራም ቲቸር። ሰው ይመልሳል።"

ደሜ ፈላ። እኛ የሀብታም ቤት? ሁለት መደርደሪያ ሙሉ ርካሽ የቺት ጨርቅ ያለን ሰዎች? ከወንበሩ ልነሳ ሞከርኩ፣ ጉልበቴ ግን ዴስኩ ሥር ተቆልፏል። አፈ ቅቤ አየችኝ። በገበያ ቀን፣ ደንበኛ ልሰድብ ስል የምታየኝን ዓይነት አስተያየት ነው። ቁጭ አልኩ።

እሷ ግን ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። እኔ አውቃታለሁ፤ ለዚህች ልጅ አሥር መልስ አላት። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ልጅቷን አስቃ፣ አሳምና፣ እናቷን ይዛ እንድትመጣ ማድረግ ትችላለች። በሽያጭ ክርክር ተረትታ አታውቅም። መልሷን ግን እንደ ምራቅ ዋጠችው።

"አንቺ ብትሆኚ ምን ታቆሚበታለሽ?" አለቻት።

ልጅቷ አሰበች። ዝምታው እንደገና መጣ፤ አሁን ግን ማንንም አላስፈራም። አበባማውን ጥጥ አለች፣ እናቴ የምትሰፋውን ዓይነት፤ ዋጋውም ከላዩ ይጻፍበት፣ ሰው ሳይገባ እንዲያውቀው። ይቆይ ያለችው ልጅ ተቃወመች፤ ዋጋ የሚጻፍበት ሱቅ ይናቃል አለች። ሌሎቹ ገቡበት። ሲከራከሩ ቆይተው አብዛኞቹ በአንድ ተስማሙ፦ ይውረድ፣ በትንሽ በትንሹ ተቆርጦ ይሸጥ፣ በቦታው ሰው የሚለብሰው ይቁም። አፈ ቅቤ ጠመኔዋን አነሳችና የእነሱን ቃል እንዳለ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። የተቃወመችውንም ልጅ ሐሳብ ከሥሩ ጻፈች።

ትራስ ያለው ልጅ፣ ታዲያ መልሱ ትክክል ነው ወይ ቲቸር አላት።

"ዛሬ ጠዋት ብትጠይቀኝ፣ ይቆይ እልህ ነበር" አለች። "አሁን ግን ያላየሁትን አሳያችሁኝ። ሱቁ የእኔ ነው። የእኔ ብቻ ግን አይደለም።"

ይህን ብላ ወደ እኔ አየች። ክፍሉ ሙሉ ዞረ። ገምጋሚውም ብዕሩን አስቀምጦ ዞረ። ያ ሁሉ ዓይን እኔ ላይ አረፈ። አስብበታለሁ አልኳቸው። ደወሉ ተደወለና ከዚያ ጉድ አወጣኝ።

ገምጋሚው ግቢው ውስጥ አገኘን፤ ጣቃውን በአንሶላ ተጠቅልሎ ተሸክመነዋል። አልፈዋል አላት፣ ያውም በደንብ። ከልጅቷ በኋላ ዝም ማለቷን ሲያይ፣ የሚጽፈውን ትቶ ማዳመጥ እንደጀመረ ነገራት። አፈ ቅቤ አመስግናው ጥቂት እርምጃ ከተራመድን በኋላ፣ መንገድ መሐል፣ የጣቃውን ጫፍ እንደያዘች ማልቀስ ጀመረች። እኔም አለቀስኩ፤ እጄ ተይዞ ስለነበር እንባዬን የጠረግሁት በአንሶላው ነው። ወንድሜ አውቶቡሱን እየነዳ ሲያልፍ አይቶን ጥሩምባ ነፋ። ሳቃችን ያን ጊዜ መጣ።

ተመረቀች። ጥቁሩ ካባ ትከሻዋ ላይ ሰፍቶባት ነበር፤ ልብስ ሰፊው ሳትጠይቀው አስገብቶ ሰፋላት፤ ይሄ ያኔ ስለረሳኋት ቁልፍ ነው አላት። ርዕሰ መምህሯም ቃሏን ጠበቀች። አሁን የስፖርቱ አስተማሪ ሜዳው ላይ ነው፣ የንግድ ሥራውን ክፍለ ጊዜ የያዘችው አፈ ቅቤ ናት። ጠዋት ጠዋት በሱቃችን በር ታልፋለች፤ ጠመኔዋን በቦርሳዋ ይዛ፣ ልጆቹ ከኋላዋ ቲቸር ቲቸር እያሉ። የሄደች ዕለት ሆድ ባሰኝ፤ ምራቴ ከጎኔ ስለታጣች ብቻ አይደለም፣ እኔ ከሰው ጋር እንዴት ልሆን ነው ብዬም ነው።

ስለ ጣቃው አስብበታለሁ ብዬ ነበርና፣ አሰብኩበት። አንድ ጠዋት ሱቁን ከከፈትኩ በኋላ መንገዱን ተሻግሬ ቆምኩ። ያን ሱቅ ከውስጥ ሆኜ ዕድሜዬን ሙሉ አይቼዋለሁ፤ እንደ አላፊ አግዳሚ ቆሜ ግን አላየሁትም። መስታወቱ ውስጥ አረንጓዴው ጣቃ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አጠገቡ ምንም የለም። ራሴን ተመለከትኩ፤ የለበስኩት ቺት ነው፣ ጫማዬ የቤት ነው። እውነቱን ተናገሪ ብባል፣ እኔ ራሴ ወደዚያ ሱቅ አልገባም ነበር። እናቴ ያን ስታቆም መንገዱ ላይ ሌላ ሱቅ አልነበረም፤ ሰውም ከእኛ በቀር መሄጃ አልነበረውም። አሁን አለው። ተመልሼ ገባሁና አወረድኩት። ከጫፉ አንድ ሜትር ለራሴ ቆረጥኩ፤ የተቀረውን ለትራስ የሚሆን አድርጌ ቅርጫት ውስጥ ደረደርኩት። በቦታው አበባማውን ጥጥ ሰቀልኩ፣ ዋጋውንም በትልቁ ጻፍኩበት።

ሳምንቱ ሳይሞላ አንዲት ሴት ገባች። ልጅቷ ከኋላዋ ናት፣ ያቺ ባለ ጥገና ሹራቧ፤ አየችኝ፣ አወቀችኝም። ሴትዮዋ አበባማውን አውርጂልኝ አለች። አወረድኩላት። ጨርቁን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዙራ ማየት ጀመረች፤ አያያዟ የእኔ አያያዝ ነው፣ ጨርቅ ታውቃለች። ከዚያ ዝም አለች። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ድሮ ቢሆን ወይ እቆጣ ነበር ወይ አፈ ቅቤን እጠራ ነበር። ባንኮኒው ጀርባ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩና ሁለት እጄን ከጭኔ በታች አደረግሁ።

ሴትዮዋ ጨርቁን ጨርሳ አየችና ቀና ብላ መደርደሪያዎቹን፣ ጣሪያውን፣ እኔን ተመለከተች።

"አዲስ የተከፈተ ሱቅ ነው?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። "አዲስ ነው።"